«ቮልሷን ጨርሼ ላስደንቀው?»

ጥያቄ፦

«ጤና ይስጥልኝ እኅቴ። የ49 ዓመት ጎልማሳ ነኝ፤ በሒሳብ ሥራ የምተዳደር የጉለሌ ነዋሪ። አባቴ በ1961 ዓ.ም. የገዟት ቮልስዋገን 1300 ግቢያችን ውስጥ ቆማ ቀርታለች። እሳቸው ዓይናቸው ደክሞ መንዳት ካቆሙ አሥራ አንድ ዓመት፣ ካረፉ ደግሞ ሦስት ዓመት ሆነ። አምና ክረምት የ16 ዓመቱ ልጄ ‹አባዬ፣ ለምን አንሠራትም?› ሲለኝ ደስታዬን አልቻልኩትም። ዓይኑን ከስልኩ ላይ የሚያነሳ ነገር ተገኘ ብላ እናቱም መረቀችን።

እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቱታችንን እየለበስን ብዙ ሠራን። ፍሬኗን፣ የቤንዚን ታንከሯን፣ ካርቡራተሯን አንድ በአንድ ጨረስን። የግራ የፊት ፓራፋንጎዋ፣ የጎማዋ መሸፈኛ ላሜራ፣ ተጨራምቶ ስለነበር (አባቴ በመጨረሻ የነዱባት ቀን ከግቢው በር ጋር አጋጭተውት ነው፤ ልጁም ሕፃን ሆኖ አብሯቸው ነበር) ልጁ ‹ይቅር› ቢለኝም ከሶማሌ ተራ ደህና ገዝቼ አስቀየርኩት። የድሮው ማድ ቤት ጀርባ ተጥሏል።

ከሁለት ወር በፊት ልጁ ካንዴላ፣ ማለትም ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን የእሳት ብልጭታ ሰጪ፣ ሲቀይር የሦስተኛውን ሲሊንደር ጥርስ፣ ካንዴላው የሚታሰርበትን ጠመዝማዛ፣ በላው። ተናደድኩና ‹አንተ የነካኸው ነገር አይበረክትም!› አልኩት። ኪያቤውንም ከእጁ ወሰድኩበት። ‹እሺ፣ ይቅር በቃ› አለና ወደ ክፍሉ ገባ። ከዚያ ወዲህ መኪናዋ አጠገብ ዝር አላለም። በጠራሁት ቁጥር ‹ጥናት አለኝ› ነው መልሱ።

አሁን ያሰብኩት፣ ጋራዥ አስገብቼ ሞተሯንም ቀለሟንም አስጨርሼ ለልደቱ ቀን ቁልፉን ላስረክበው ነው። ገንዘቡን አጠራቅሜያለሁ። ባለቤቴ ግን ‹ተው፣ መጀመሪያ ሰው ጠይቅ› አለችኝ። እርስዎስ ምን ይሉኛል?»

ግራ የገባው አባት

መልስ፦

ወንድሜ፣ በቅድሚያ ባለቤትዎን ስለ እኔ ያመስግኑልኝ። እጅዎን በጊዜ ይዘውልዎታል።

መልሴን ላስቀድምና ምክንያቱን ቀስ ብዬ እመለስበታለሁ። ጋራዥ አያስገቧት። አይጨርሷት።

ስጦታው መጥፎ ሆኖ አይደለም። ኑሮ በተወደደበት ዘመን ከደመወዙ ቆጥቦ ለልጁ መኪና የሚያሠራ አባት ምን ይወጣለታል? ነገሩ የተበላሸው ከስጦታው በፊት በወጣው ቃል ነው። ልጅዎ «አንተ የነካኸው ነገር አይበረክትም» ተብሏል። እንግዲህ እሱ በሌለበት፣ የእሱ እጅ ሳያርፍባት ተሠርታ፣ ቀለሟ እያብረቀረቀ ልደቱ ላይ ከች ስትል ምን የምትለው ይመስልዎታል? «ይኸው፣ እጅህን ብታነሳልኝ በረከትኩ» ነው የምትለው። ቁልፉን ይቀበልዎታል፤ ጉልበትዎን ይስማል፤ ዘመድ ከተሰበሰበም አጠገቧ ቆሞ ፎቶ ይነሳል። ያን ቀን የተናገሩትን ቃል ግን ብዙ ብር አውጥተው አስመስክረውበታል።

ይህን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። ልጄ አሥራ ሦስት ዓመቷ ሳለ ለአያቷ የአንገት ልብስ በኪሮሽ ጀምራ ነበር። ጠርዙ እየተንጋደደባት ስትፈታ፣ እንደገና ስትጀምር፣ ስትፈታ ገና ደረሰ። አንጀቴ አልችል አለኝና ሌሊት ተነሥቼ ጨረስኩላት። የተንጋደደውንም አቃናሁት። ጠዋት አየችውና «አመሰግናለሁ እማዬ» አለች፤ ወስዳም ለአያቷ ሰጠች። ከዚያ ቀን ወዲህ ኪሮሽ ይዛ አይቻት አላውቅም። አሁን ሠላሳ ሊሞላት ነው። እናቴ ያንን የአንገት ልብስ በለበሰች ቁጥር ዓይኔ የሚሄደው እኔ ወዳቃናሁት ጠርዝ ነበር።

ወደ ካንዴላው ልምጣ፤ እኔም የቮልስ ልጅ ነኝና ያገባኛል። አባቴ ቮልስ ነበረው። አምስት ልጆች ሆነን እንጫን ነበር፤ የመጨረሻው ከኋላ ወንበር በስተጀርባ ባለችው የዕቃ ጉድጓድ ውስጥ ተጣጥፎ፣ በመስታወቱ የሚከተሉንን መኪኖች እየተሳደበ። ቮልሷ ስትሠራ መብራት ያዥ እኔ ነበርኩ። መብራት ይዞ ያደገ ልጅ ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ፤ የትም ቢያበራ «እዚያ አይደለም፣ እዚህ!» መባል አይቀርለትም።

እና የሦስተኛውን ሲሊንደር ካንዴላ አውቀዋለሁ። የቮልስ ሞተር ከኋላ ነው፤ ሲሊንደሮቹ ሁለት በቀኝ ሁለት በግራ ተጋድመዋል። ሦስተኛው በግራ በኩል ወደ መኪናዋ ፊት የዞረው ነው፤ ኮፈኑን ከፍቶ ከኋላ ለሚያጎነብስ ሰው ውስጥ ገብቶ የተደበቀ። ዓይን አያየውም፤ የሚገባው በዳበሳ ነው። ካንዴላው ብረት፣ እሱ የሚገባበት የሲሊንደሩ ክዳን፣ ቴስታታው፣ አልሙኒየም። ትንሽ ጠመም ብሎ ከጀመረና ኪያቤ ከበረታበት ብረቱ አልሙኒየሙን ይልገዋል። በዚያ ላይ ቮልስ ውኃ የላትም፤ የሚያቀዘቅዛት አየር ነው። በእናንተ ሞዴል ደግሞ የዘይት ማቀዝቀዣው አየሩ መንገድ ላይ ስለተቀመጠ ከአራቱ ሲሊንደሮች አብዝቶ የሚግለው ይኸው ሦስተኛው ነው። ከ1961 ዓ.ም. ጀምሮ ሲግልና ሲበርድ፣ ስንት እጅ ሲፈታውና ሲያጠብቀው የኖረ ጥርስ ነው። ልጅዎ እጅ ላይ አለቀ እንጂ ብቻውን ጨረሰው ለማለት እኔ አልደፍርም።

የቮልስ ሰዎች ለዚህ ዘዴ አላቸው። ስንዝር የምታህል የቤንዚን ጎማ ቆርጠው በካንዴላው ጫፍ ላይ ይሰኩና ጎማዋን በጣት ያዞራሉ። ካንዴላው ጥርሱን ካገኘ ሰተት ብሎ ይገባል፤ ከተጣመመ ጎማዋ ትንሸራተታለች እንጂ አታስገድደውም። ኪያቤ የሚመጣው መጨረሻ ላይ፣ ለማጥበቅ ብቻ ነው። ይህንን ለልጅዎ አሳይተውት ነበር? ደብዳቤው ላይ የለም። ካላሳዩት፣ ያላሳዩትም እርስዎም ስለማያውቁት ከሆነ፣ ጥፋቱን ለሁለት ተካፈሉት።

ደግሞም የተበላ ጥርስ ይድናል። ቀዳዳው ሰፋ ይደረግና አዲስ ጥርስ ወጥቶለት የብረት ቡሽ ይገባበታል፤ ሥራው በወጉ ከተሠራ ከመጀመሪያው አልሙኒየም ይልቅ ይጠነክራል። ሥራውን የሚያውቅ ቶርኖ ቤት ይሠራዋል። ለዚያ ሞተሯን ማውረድ ይሻላል። አይደንግጡ። ሞተሯን ከካምቢዮው፣ ከማርሽ ሳጥኑ፣ ጋር ያያያዟት አራት ቡሎኖች ናቸው። የቤንዚን ጎማውን፣ የነዳጅ መስጫውን ገመድ፣ ሽቦዎቹንና የሙቀት ቱቦዎቹን ነቅላችሁ፣ የኋላዋን ከፍ አድርጋችሁ፣ አራቱን ስትፈቱ በክሪክ ላይ ወርዳ በሥር ትወጣለች። ክብደቷ ከመቶ ኪሎ ትንሽ አለፍ ይላል። አንዱ ክሪኩን ሲያወርድ ሌላው ሞተሯን እያረጋጋ «ቆይ… ትንሽ ወደ አንተ… በቃ» የሚባባሉበት ሥራ ነው። የተኳረፉ ሰዎች ሳይነጋገሩ የቮልስ ሞተር ማውረድ አይችሉም። ስለዚህ ይህ ብልሽት እንዲያውም የታሰበላችሁ ይመስላል።

ግን ያኳረፋችሁ ካንዴላው ነው ብለው ያምናሉ? እኔ አላመንኩም። ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ ሦስቱንም ጊዜ ዓይኔ የተያዘው እርስዎ በቅንፍ አድርገው ባለፏት መስመር ላይ ነው።

የልጅዎን ዕድሜ ባሰላው፣ መኪናዋ ከግቢው በር ጋር በተጋጨች ቀን አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። አያቱ መሪ ይዘው፣ እሱ አጠገባቸው፣ በሩ ጓ! ሲል የሰማ ሕፃን ነው። ምናልባት ደንግጦ አልቅሷል። ምናልባት አያትና የልጅ ልጅ ተያይተው ስቀዋል፤ «ለአባትህ እንዳትነግር» ተባብለውም ይሆናል። አላውቅም፤ እርስዎም የሚያውቁ አይመስለኝም። የሚታወቀው፣ ከዚያ ቀን በኋላ እሳቸው መሪ አልጨበጡም። ለእርስዎ የተጨራመተ ላሜራ የሆነው ነገር ለእሱ ከአያቱ ጋር የሄደው የመጨረሻ መንገድ ነው። (ቮልስ በዚህ አገር የመጨረሻ መንገድ አያጣትም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በቮልስ ነበር።)

ልጅዎ ደብዳቤው ውስጥ ሁለት ጊዜ «ይቅር» ብሏል። የመጀመሪያው ስለ ፓራፋንጎው ነበር፤ አልተሰማም። በሁለተኛው ራሱን አስቀረ።

እንግዲህ ይቅርታው። «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» እየተባልን ያደግን ሰዎች ነንና ለልጅ ይቅርታ ማለት ጉሮሯችን ላይ ይቀራል። አባቴ አንድም ቀን ብሎኝ አያውቅም። ሲጸጽተው ከሥራ ሲመለስ ብርቱካን ይዞልኝ ይገባ ነበር፤ ብርቱካኑን ስላጥ እሱ ጋዜጣውን ያነባል። የእርስዎም መኪና ትልቅ ብርቱካን ናት፤ ይገባኛል። ነገር ግን እኔ ያን ጊዜ የምፈልገው ብርቱካን አልነበረም።

ልጁን ፊት ለፊት አስቀምጠው እንደ ሽምግልና አይጀምሩት። እናቱንም አማላጅ አይላኩ። አብራችሁ ወደ ዳቦ ቤት ስትሄዱ ወይም ታክሲ ስትጠብቁ፣ ሁለታችሁም ወደ ሌላ ስትመለከቱ ይንገሩት። አጭር ይሁን፦ «ያን ቀን ያልኩህ ልክ አልነበረም። ካንዴላው ይሠራል፤ እሱ ያስቸገረው ብዙ ሰው አለ። ፓራፋንጎውንም ሳልሰማህ ነው የቀየርኩት።» ከዚያ ዝም ይበሉ። «ግን» የምትለዋን ቃል ይጠንቀቋት፤ «ግን አንተም ብትጠነቀቅ ኖሮ» ካሉ የተናገሩትን ሁሉ ሰረዙት። መልስም አይጠብቁ። የ16 ዓመት ልጅ «እሺ» ካለ ብዙ ተናግሯል።

ወዲያው ቱታውን ለብሶ ይመጣል ብዬ ተስፋ አልሰጥዎትም። ቢመጣ ግን እንደ በፊቱ አይቀበሉት። አንድ ሥራ ሙሉ ለሙሉ የእሱ ይሁን፤ እኔ ብሆን ኤሌክትሪኩን እሰጠው ነበር። የቮልስ ሽቦ ጥቂት ነው፤ ሥዕላዊ ንድፉን አይቶ የሚከተል ልጅ አይጠፋበትም። ደግሞ ደስታው ፈጣን ነው፤ ከወር ድካም በኋላ ፍሬቻ ብልጭ ሲል ማየት የመሰለ ነገር የለም። እርስዎ ካልጠራዎት አይጠጉ። ሲጠራዎት ኪያቤውን ትተው መብራቱን ይያዙ። «እዚያ አይደለም አባዬ፣ እዚህ» ሲልዎት ይቻሉት፤ እኛ ስንት ዓመት ችለነዋል።

የማይለቁለትም ነገር አለ። ባትሪዋ ከኋላ ወንበር ሥር ስለሆነች ደህና ክዳን ይኑራት፤ ሰው ከብዶ ሲቀመጥ የወንበሩ ሽቦ የባትሪውን ጫፍ ይነካና እሳት ይነሳል። የቤንዚን ጎማዎቹን በሙሉ ይቀይሯቸው፤ ከቆመች ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ላያቸው ደህና ቢመስልም ውስጣቸው ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ቤንዚን የጋለ ሞተር ላይ ሲንጠባጠብ ምን እንደሚሆን አልነግርዎትም። በክሪክ ብቻ በተነሳች መኪና ሥር ማንም አይግባ፤ ጠንካራ የብረት መደገፊያ ይግዙ። ፍሬኑን ስትከፍቱም አቧራውን በአፋችሁ እፍ አትበሉት፤ የድሮ የፍሬን ሸራ አስቤስቶስ አለበት። በእነዚህ ላይ አባትነትዎ እንዳለ ይሁን፤ ቢያኮርፍም ያኩርፍ።

ያጠራቀሙት ገንዘብም ሥራ አያጣም። ጋራዥ ፈጽሞ አትርገጡ አላልኩም። ከባትሪው ሥር ያለው ወለል ብዙ ጊዜ በአሲድ ይበላል፤ በሮቹ ሥር በሁለቱም ጎን የሚሄደው ላሜራም ይዝጋል። እሱን ብየዳ የሚችል ሰው ይሥራው። አካሏን ከወለሉ አንሥቼ ልበይድ የሚል ካጋጠማችሁ፣ በሮቹን ውስጥ ለውስጥ በብረት ሳይወጥር እንዳያነሳት አስጠንቅቁት፤ አካሏ ይጣመምና በሯ ዳግም አይገጥምም። ብቻ አብራችሁ ሂዱ። ለመካኒኩ የሚያስረዳው ልጁ ይሁን፤ ዋጋም እሱ ይከራከር። ሲሸወድ ቢያዩት እንኳ ለመቶ ብር ብለው ጣልቃ አይግቡ። ለሺህ ብር ከሆነ እሺ።

ስለ ልደቱ ደግሞ ምን ያስቸኩልዎታል? መንጃ ፈቃድ የሚያገኘው 18 ሲሞላው ነው። ሁለት ዓመት አላችሁ። ዕቃው ያልቃል ብለው ከሆነ፣ ይህች መኪና እስከ 2003 እ.ኤ.አ. ሜክሲኮ ውስጥ ስትመረት የኖረች፣ ከ21 ሚሊዮን በላይ የተሠራች ናት። ዕቃዋ ሌላው ቢቀር ከባሕር ማዶ ይገኛል።

ባይመለስስ? ሊሆን ይችላል። «ጥናት አለኝ» ሲልም በእርግጥ ጥናት ኖሮት ይሆናል፤ የዚያ ዕድሜ ልጅ ሁልጊዜ አይዋሽም። ያን ጊዜ ሸራ አልብሰው ያስቀምጧት። አሥራ አንድ ዓመት የጠበቀች መኪና ጥቂት ብትጨምር አይከፋትም። ጋራዡ ግን አሁንም ይቅር።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። በዚህ ሳምንት፣ እሱ ትምህርት ቤት ሳለ፣ ማድ ቤት ጀርባ ይሂዱና ያን የድሮ ፓራፋንጎ ያውጡት። ሸረሪቱን ጠርገው መኪናዋ አጠገብ፣ በግራ ጎማዋ በኩል ያስደግፉት። የቮልስ ፓራፋንጎ የተያዘው አሥር በሚያህሉ ቡሎኖች ነው፤ ተፈትቶ ይገባል። እርስዎ ግን አይፍቱት። ኪያቤውን እዚያው ወለሉ ላይ ያስቀምጡለትና ወደ ቤት ይግቡ። የትኛው እንደሚገባ እሱ ይወስን። ዝገቱንም በብርጭቆ ወረቀት እንዳይነኩት።